ሸሪክ ሲፈርም ዕዳው የማነው? ለጅማ ነጋዴ የተጻፈ መመሪያ

ሸሪክ መሆን አንድ ነገር ነው። በማህበሩ ስም መፈረም ሌላ ነገር ነው። ይህን ልዩነት እኔ የተማርኩት በ400 ኬሻ ነው።

ያኔ ሂርማታ አካባቢ የኬሻና የሸራ ሱቅ ነበረኝ። ወሩ ኅዳር ነው፣ ቡናው ከየወረዳው ይጎርፋል። ሦስት ሆነው የቡና መፈልፈያ ከሚያሠሩ ሰዎች አንዱ ሱቄ መጣ። ሰላምታው ረጅም ነው፤ የልጆቼን ጤና አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ከዚያ 400 ኬሻ በዱቤ ፈለገ። ወረቀት አውጥቶ ፈረመ፣ ማህተም አሳረፈበት። እኔም ማህተሙን ሳይ ልቤ ረጋ። ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ፤ ቤታቸውንም መጋዘናቸውንም አውቃለሁ። ሌላ ምንም አልጠየቅኩም።

ጥር ላይ ገንዘቤን ልቀበል ሄድኩ። ከሸሪኮቹ ታላቁ፣ ሁላችንም ሐጂ እያልን የምንጠራቸው ሰው፣ ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። ዝም ብለው ረጅም ጊዜ አዩት።

"ልጄ፣ ይሄን ማን ፈረመልህ?" አሉኝ።

"ሸሪክዎ ነው፣ ሐጂ።"

"ሸሪካችን ነው፤ አልካድንም። ግን እንዲፈርም አልሰጠነውም። ኬሻውም እኛ ጋ አልገባም።"

ወረቀቱን መልሰው ሰጡኝ። ያን ጊዜ ነው አስተውዬ ያየሁት። ሐምራዊው ቀለም ግማሹ ደብዝዟል። ቲተሩ፣ ማለትም የስም ማህተሙ፣ ላይ ያለው የሰውየው ስም ብቻ ነው። "ሥራ አስኪያጅ" አይልም። "ስለ ማህበሩ" የሚል ቃል የትም የለም። ክቡ ማህተም ደግሞ የመፈልፈያው ሳይሆን ሰውየው ለብቻው የሚነግድበት የሌላ ሱቅ ነው። ኅዳር ላይ ሁለት ደቂቃ ባነበው ኖሮ ይሄ ሁሉ ይታየኝ ነበር።

ሽማግሌ ገባ፣ ግማሹን አገኘሁ። ከዚያ በኋላ ሱቁን ለወንድሜ ትቼ ሕግ ተማርኩ። ዛሬ ሥራዬ ውል ማርቀቅ ነው። ከታች የምጽፈው፣ ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ የምለውን ነው። ከማህበር ጋር ለምትዋዋሉም ሆነ ራሳችሁ ሸሪክ ለሆናችሁ ይጠቅማል።

1. ሽርክናው ምን ዓይነት እንደሆነ ለዩ

"ሸሪኮች ነን" ሲባል ጅማ ውስጥ ብዙ ነገር ማለት ነው። ሕጉ ግን ይለያያቸዋል፤ የመፈረም ሥልጣኑም አብሮ ይለያያል። አሁን የሚሠራው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ነው። የቀድሞው የ1952ቱ ሕግ የንግድ ማህበራት ክፍል በዚህ ተተክቷል።

በጣም የተለመደው፣ በወረቀት ሳይሆን በመተማመን የሚሠራው ነው። ሁለት ሰዎች ገንዘብ ያዋጣሉ። አንዱ ጎማና ማና ወረዳ እየዞረ ጀንፈል (ያልተፈለፈለ ቡና) ይገዛል፣ ሌላው ከተማ ተቀምጦ ይሸጣል፣ ወቅቱ ሲያልቅ ይካፈላሉ። ይህ ባልተመዘገበበትና ለውጭ ሰው ባልተገለጠበት ጊዜ ሕጉ የእሽሙር ማህበር ከሚለው ጋር ይቀራረባል። የእሽሙር ማህበር የሕግ ሰውነት የለውም። ስለዚህ "የማህበሩ ውል" የሚባል ነገር የለም። ውሉ የፈረመው ሰው ውል ነው። ኬሻ የሰጠ፣ ቡና የሸጠ፣ መኪና ያከራየ ሰው የሚያውቀው የፈረመለትን ብቻ ነው፤ የሚጠይቀውም እሱን ነው። ከኋላ ያለው ሸሪክ ከፈረመው ጋር የሚተሳሰበው በውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ሸሪኮች የሚሳሳቱበት ቦታ አለ። አልተመዘገብንም ብለው ይዝናናሉ። ግን ሁለታችሁም በየሱቁ እየዞራችሁ "የኛ ድርጅት ነው" ካላችሁ፣ ፕሮፎርማ በጋራ ስም ካስወጣችሁ፣ ድብቅ የነበረው ሽርክና ተገለጠ ማለት ነው። ያን ጊዜ ውጭ ያለው ሰው እንደ ግልጽ ማህበር ቆጥሮ ሁለታችሁንም ሊጠይቅ የሚችልበት በር ይከፈታል።

ሁለተኛው የተመዘገበው የኅብረት ሽርክና ማህበር ነው። ይህ የሕግ ሰውነት አለው። በራሱ ስም ይዋዋላል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። ጠንካራ ጎኑ ይሄ ነው፤ አስፈሪ ጎኑ ደግሞ ሸሪኮቹ ለማህበሩ ዕዳ በአንድነትና በነጠላ፣ ያለ ገደብ፣ በግል ንብረታቸው ጭምር ኃላፊ መሆናቸው ነው። "እኔ ያዋጣሁት 200 ሺህ ስለሆነ ከዚያ በላይ አልጠየቅም" ብሎ እርስ በርስ መስማማት ይቻላል። አበዳሪው ላይ ግን አይሠራም። አንዱ ሸሪክ በሥልጣኑ የፈረመው ዕዳ የሌላውን ቤት በር ሊያንኳኳ ይችላል የምለው ለዚህ ነው።

ሁለት ዓይነት ኃላፊነት ያለበት ሽርክና ማህበር ላይ ደግሞ፣ ኃላፊነቱ ባዋጣው ልክ የተወሰነ ሸሪክ ማህበሩን ማስተዳደር የለበትም። እጁን አስገብቶ ከፈረመ ላደረገው ነገር እንደ ሙሉ ኃላፊ ሊጠየቅ ይችላል። ገንዘብ አስገብታችሁ ከጀርባ ለመቀመጥ የተስማማችሁ ከሆነ፣ "ዛሬ ብቻ ፈርምልን" ሲሏችሁ እምቢ በሉ።

ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ሽርክና አይደለም፤ ሰው በአፍ "ሸሪክ" ቢልም አባል ነው የሚባለው። አባል ስለሆነ ብቻ ማንም አይፈርምም። የሚፈርመው ሥራ አስኪያጁ ነው።

2. ማን እንደሚፈርም ከወረቀት ላይ እዩ

የሰውን ፊት አትመኑ ማለቴ አይደለም። ጅማ በመተማመን የሚነገድባት ከተማ ናት፣ እንዲህ መሆኗንም እወዳለሁ። ግን መተማመን ያለው ሰው ወረቀት ለማሳየት አይከብደውም። "ወንድሜ፣ ለመዝገቤ እንዲሆነኝ የመመስረቻ ጽሁፋችሁን ኮፒ ስጠኝ" ማለት ነውር የለበትም። ይህን ስትሉት የሚቆጣ ሰው ካለ፣ ቁጣው ራሱ አንድ ነገር እየነገራችሁ ነው።

የምትጠይቁት ይሄን ነው። የንግድ ምዝገባ ምስክር ወረቀት፤ በእሱ ላይ የሥራ አስኪያጁን ስም ትፈልጋላችሁ። ያመቱ የታደሰ የንግድ ፈቃድ። የመመስረቻ ጽሁፉ እስከ መጨረሻው ገጽ፣ ማሻሻያ ካለውም ማሻሻያው። ሥራ አስኪያጁ በኋላ ከተቀየረ የተቀየረበት ቃለ ጉባኤ። ፈራሚው ሥራ አስኪያጅ ካልሆነ በሚመለከተው አካል ፊት የተረጋገጠ ውክልና። ከዚያ መታወቂያ። የመጨረሻውን ብዙዎች ይዘሉታል። ወረቀቱ ላይ ያለው ስምና ፊታችሁ የቆመው ሰው አንድ መሆኑን የሚያሳያችሁ መታወቂያው ነው።

መመስረቻ ጽሁፉ ላይ ቀጥታ "ሥራ አስኪያጅ" እና "ሥልጣን" የሚሉትን አንቀጾች ፈልጉ። ሦስት ነገር ትፈትሻላችሁ። ማን ተሾመ? ለብቻው ይፈርማል ወይስ በጣምራ? ገደብ አለው? "ከ500 ሺህ ብር በላይ የሆነ ውል በሁለት ሸሪኮች ፊርማ ይጸናል" የሚል መስመር ካለና እናንተ ካነበባችሁት፣ በኋላ "አላወቅኩም" ማለት አትችሉም። ሥራ አስኪያጅ ጨርሶ ካልተሾመ ደግሞ እያንዳንዱ ሸሪክ እንደ ሥራ አስኪያጅ ሊቆጠር ይችላል። ይህ ለሚዋዋለው ሰው የሚያመች ይመስላል፤ ለሸሪኮቹ ግን አደጋ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አንድ የኛ አካባቢ ነገር ልጨምር። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ጅማ ውስጥ የምታገኟቸው ሰነዶች ብዙዎቹ በቁቤ የተጻፉ ናቸው። ማንበብ ካልቻላችሁ የምታምኑት ሰው ያንብብላችሁ። ፈራሚው ራሱ እንዲተረጉምላችሁ አታድርጉ።

በወረቀቱ ከተጠራጠራችሁ ወደ ንግድ ጽህፈት ቤት ሂዱ። የንግድ መዝገብ የተያዘው ሰው እንዲያየው ነው። ግማሽ ቀን ሊወስድባችሁ ይችላል። የኔ 400 ኬሻ ሁለት ዓመት ወስዶብኛል።

3. ጉዳዩ የዕለት ሥራ ነው ወይስ ከዚያ ያለፈ?

እዚህ ላይ ቀስ እንበል፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

ሰውየው ሥልጣን አለው ማለት ሁሉን ነገር ይፈርማል ማለት አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ውክልና የሚናገረው ክፍል እዚህ ጋ ጥሩ ሚዛን ነው። ውክልናው በደፈናው ከተሰጠ፣ ማለትም "ጉዳዬን ሁሉ እንዲሠራልኝ" ብቻ ካለ፣ ተወካዩ የሚችለው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው ይላል አንቀጽ 2203። የአስተዳደር ሥራ ምን እንደሆነ አንቀጽ 2204 ይዘረዝራል። ንብረትን መጠበቅና መንከባከብ፣ ከ3 ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ተሰብሳቢ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ገቢን ሥራ ላይ ማዋል፣ ዕዳ መክፈል። ሰብልን፣ ለሽያጭ የተዘጋጀ ዕቃንና የሚበላሽ ነገርን መሸጥም እዚሁ ውስጥ ነው።

ይህን ወደ ቡና መጋዘን አምጡት። ደረቅ ጀንፈል መሸጥ፣ የዕለት ነው። የተበሳ ሸራ መቀየር፣ የመፈልፈያውን ሞተር ማስጠገን፣ ለጫኝና አውራጅ መክፈል፣ የዕለት ነው። መጋዘን ለ2 ዓመት መከራየት ወይም ማከራየት፣ እሱም እንደዚያው። አንድ ፈረሱላ ቡና ቢሸጥም አምስት መቶ ፈረሱላ ቢሸጥም፣ ማህበሩ የቆመው ቡና ለመሸጥ ከሆነ የሽያጩ ትልቅነት ብቻውን ከዕለት ሥራ አያወጣውም።

አሁን ወደ ማዶ እንሻገር። አንቀጽ 2205 ልዩ ሥልጣን የሚጠይቁትን ይናገራል። የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ ወይም በመያዣ መስጠት። ካፒታልን ሌላ ማህበር ውስጥ ማስገባት። የሐዋላ ሰነድ (ይህን ያህል ገንዘብ ይከፈል የሚል የንግድ ወረቀት) መፈረም። መታረቅ። ክርክርን ለግልግል ዳኛ ለመስጠት መስማማት። ስጦታ መስጠት። ክስ መመስረት ወይም ተከሶ መከራከር። እነዚህን የሚፈርም ሰው ሥልጣኑ በስም ተጠቅሶ መጻፍ አለበት። መጋዘኑን ለ5 ዓመት ማከራየት ከ3 ዓመቱ መስመር ስላለፈ በደፈናው በተሰጠ ሥልጣን አይሆንም።

የተሾመ ሥራ አስኪያጅ ሥልጣኑን የሚያገኘው ከንግድ ሕጉና ከመመስረቻ ጽሁፉ ስለሆነ፣ ለንግዱ ሥራ የሚያስፈልገውን ከተራ ተወካይ በሰፋ መልኩ ሊሠራ ይችላል። ቢሆንም ቤት፣ መጋዘን ወይም ማሽን ለባንክ መያዣ ሊሰጥ ሲመጣ፣ በጽሁፍ በግልጽ ተፈቅዶለት እንደሆነ ማየትን አትተዉ። ባንኮች የሸሪኮቹን ሁሉ ቃለ ጉባኤ የሚጠይቁት ለማስቸገር አይደለም።

ሦስት ነገሮች ላይ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ አድርጉ።

አንደኛው ብድር ነው። ዕቃ በዱቤ መውሰድ አንድ ነገር ነው፤ ጥሬ ገንዘብ በማህበሩ ስም መበደር ሌላ። ፍትሐ ብሔሩ በአንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሁፍ እንዲረጋገጥ ይፈልጋል፤ ያለዚያ የሚቀረው ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ማመኑ ወይም መሐላ ነው። 500 ብር ዛሬ ምን ያህል እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ሁሉም ብድር ጽሁፍ ይፈልጋል ብላችሁ ያዙት።

ሁለተኛው ዋስትና ነው። ሸሪክ የአጎቱን ልጅ ብድር በማህበሩ ማህተም ሲዋስ አይቻለሁ። ቡና ለመነገድ የቆመ ማህበር ለሰው ዋስ መሆን ሥራው አይደለም። በዚያ ላይ የዋስትና ውል በጽሁፍ መሆን አለበት፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው ገንዘብም ውሉ ላይ መቀመጥ አለበት። ይህ ከጎደለ ያ ወረቀት አይጸናም።

ሦስተኛው ሸሪኩ ከራሱ ጋር የሚዋዋልበት ነው። የማህበሩን ቡና ለራሱ ሱቅ ወይም ለሚስቱ ንግድ በርካሽ ይሸጣል። ሕጉ የጥቅም ግጭት ያለበትን ውል፣ ሌላኛው ወገን ግጭቱን እያወቀ ከገባበት፣ ማህበሩ እንዲያፈርሰው መንገድ ይሰጣል። እናንተ ገዢ ከሆናችሁና ዋጋው ከገበያ በጣም ወርዶ ካያችሁት፣ ቀሪዎቹ ሸሪኮች ማወቃቸውን ጠይቁ።

4. ፊርማውን በትክክል አስፈርሙ

የኔ ወረቀት የወደቀው እዚህ ነበር። አንድ ሰው በራሱ ስም ከፈረመ በራሱ ነው የሚጠየቀው፤ በልቡ ለማህበሩ አስቦ ቢሆንም። ስለዚህ ውሉ ሁለት ቦታ ላይ ማህበሩን መጥራት አለበት፤ መግቢያው ላይና ፊርማው ሥር።

መግቢያው እንዲህ ይሁን፦ "ሻጭ፦ … የኅብረት ሽርክና ማህበር፣ የንግድ ምዝገባ ቁጥር …፣ ቲን ቁጥር …፣ አድራሻ ጅማ ከተማ፣ ወኪል፦ ሥራ አስኪያጁ አቶ …።"

ፊርማው ሥር ደግሞ፦ "ስለ ማህበሩ፦ ስም …፣ ኃላፊነት፦ ሥራ አስኪያጅ፣ ፊርማ …፣ ቀን …።" ከጎኑ የማህበሩ ማህተም። ማህተሙ ላይ ያለውን ስም ፊደል በፊደል አንብቡት፤ መግቢያው ላይ ከጻፋችሁት ስም ጋር ይመሳከር። ከደበዘዘ እንደገና ይምታው።

በጣምራ የሚፈርሙ ከሆነ ሁለቱም በዚያው ቀን ይፈርሙ። "እሱ ነገ ይፈርማል፣ አንተ ዕቃውን ጫን" ሲባል አትጫኑ።

ውክልና ከሆነ የውክልናውን ቁጥርና ቀን ውሉ ውስጥ ጻፉ፤ ኮፒውን አያይዙ። ሕግ የተለየ አጻጻፍ የሚጠይቀው ውል ከሆነ፣ ለምሳሌ የቤት ሽያጭ፣ ውክልናውም በዚያው ዓይነት አጻጻፍ መሰጠት አለበት። ሕግ በጽሁፍ እንዲሆን የሚጠይቀው ውል ሁለት ምስክሮች እንደሚፈልግም አትርሱ። ምስክሮቹ የፈራሚው ዘመዶች ብቻ ባይሆኑ ይመረጣል።

ቼክ ላይ የተለየ ቃል አለኝ። በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ መስጠት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስቀጣል። የፈረመው ሰው "የማህበሩ ቼክ ነው" ቢልም እጁ ያለበት እሱ ነው። ሸሪኮቻችሁ ባዶ ቼክ አስፈርመዋችሁ መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጡ ከሆነ ዛሬውኑ አስቁሙ።

5. ከተጠራጠራችሁ ማጽደቂያ ጠይቁ

ሁልጊዜ ሰነዱ ተሟልቶ አይመጣም። መኪናው ተጭኗል፣ ሥራ አስኪያጁ አዲስ አበባ ነው፣ ከ340 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ፊታችሁ ያለው ሌላው ሸሪክ ነው። ንግዱን ማስቀረት ካልፈለጋችሁ መንገድ አለ።

ሰው ከሥልጣኑ ውጭ በሌላ ሰው ስም ከተዋዋለ፣ ወካዩ፣ እዚህ ላይ ማህበሩ፣ ውሉን ሊያጸድቀው ወይም ሊጥለው ይችላል፤ ይህ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2190 ነው። የናንተ መብት ደግሞ ወካዩ ሳይውል ሳያድር እንዲያስታውቃችሁ መጠየቅ ነው። ዝም ካለ እንዳልተቀበለ ይቆጠራል። ስለዚህ ዝምታን እንደ እሺታ አትቁጠሩ። በጽሁፍ ጠይቁ፣ በጽሁፍ ተቀበሉ። "በዛሬው ዕለት ሸሪካችን አቶ … የፈረሙትን የ… ውል ማህበሩ ተቀብሎታል" የሚል፣ በሥራ አስኪያጁ የተፈረመ አንድ አረፍተ ነገር ይበቃል። በስልክ የላከውን የፊርማ ፎቶም ቢሆን ያዙት፤ ዋናውን በኋላ ተቀበሉ። በስልክ ማውራት ብቻውን ግን ሥራ አይሠራም። በቃል ያለ ይረሳል የሚባለው እውነት ነው፤ በቡና ወቅት ደግሞ ቶሎ ይረሳል።

6. ሸሪኮች ከሆናችሁ፦ ከመጀመሪያው ኪሎ በፊት ተነጋገሩ

እስከ አሁን ከውጭ ሆኖ ለሚዋዋል ሰው ነው የጻፍኩት። ሸሪክ ለሆናችሁ ይህ ክፍል ይበልጥባችኋል።

ተሰብሰቡ። ቡና ይፈላ። አንድ ሰው ይጻፍ። ጥያቄው "ማን ታማኝ ነው?" አይደለም፤ እንደዚያ ከጀመራችሁ ትጣላላችሁ። ጥያቄው "ማን፣ ምን ድረስ፣ እንዴት ይፈርማል?" ነው። ወንድማማቾች ብትሆኑም ጻፉት። እንዲያውም ወንድማማቾች ከሆናችሁ ቀድማችሁ ጻፉት፤ የሚበላሸው ንግዱ ብቻ አይደለምና።

እኔ ውል ለማረቅቅላቸው ሰዎች የምመክረው እንዲህ ነው። የዕለቱን ግዢና ሽያጭ አንድ ሥራ አስኪያጅ ለብቻው ይፈርም። በየኬሻው ሁለት ፊርማ ካላችሁ ገበያው ያልፋችኋል። ከተወሰነ ብር በላይ የሆነ ዱቤ፣ ማንኛውም ብድር፣ ከ3 ዓመት በላይ ኪራይና የንብረት መያዣ በጣምራ ፊርማ ይሁን። ዋስትና ጨርሶ ይከልከል። የብሩ ገደብ ስንት ይሁን ለሚለው፣ ማህበሩ በአንድ ቀን ቢጠፋበት ሊቋቋመው የሚችለውን ገንዘብ አስቡ።

አሁን ወሳኙ ነገር። ይህ ገደብ በናንተ ማስታወሻ ደብተር ውስጥ ከቀረ የሚያገለግለው ለእርስ በርስ መተሳሰቢያ ብቻ ነው። በቅን ልቦና የተዋዋለን የውጭ ሰው በማያውቀው ገደብ መመለስ ይቸግራል። ስለዚህ መመስረቻ ጽሁፉ ውስጥ አስገቡት፣ በንግድ መዝገብ አስመዝግቡት። ለባንኩ የፈራሚዎችን ደብዳቤ ስጡ። ሁልጊዜ ለሚያቀርቡላችሁ ነጋዴዎች አንዳንድ ኮፒ አድርሱ። ማህተሙ በማን እጅ እንደሚቀመጥም ወስኑ። ማህተም በየመኪናው ኪስ ውስጥ መዞር የለበትም።

7. ሸሪክ ሲወጣ ወይም ሥልጣኑ ሲነሳ

ሰዎች በሰላም ይለያያሉ፣ ምሳ ተበልቶ ይሳሳማሉ፤ ማህተሙና ውክልናው ግን በወጣው ሰው እጅ ይቀራል። ከስድስት ወር በኋላ አንድ ደረሰኝ ይመጣል።

ሥልጣን የሰጣችሁበትን ወረቀት መልሱ ማለት መብታችሁ ነው፤ አንቀጽ 2184 ይህን ይላል። ተወካዩ "ያልተከፈለኝ አለ" ብሎ ሊይዘው አይችልም። ካልተቀበላችሁትና ሰውየው በዚያው ወረቀት ሌላ ሰው ቢያስፈርም፣ ጥፋቱ ወደናንተ ይመጣል። አንቀጽ 2195 በሦስት ሁኔታ ወካዩን ከተወካዩ ጋር በአንድነት ኃላፊ ያደርጋል። ሥልጣን እንዳለው ነግራችሁ መነሳቱን ካልነገራችሁ፤ የሥልጣን ወረቀቱን ካልተቀበላችሁ፤ ወይም በንግግር፣ በዝምታ ወይም በሌላ መንገድ ሥልጣን ያለው እንዲመስል ካደረጋችሁ።

ያችን "በዝምታ" የምትለዋን ደግማችሁ አንብቧት። ሸሪካችሁ በየጊዜው ሲፈርም እያያችሁ ዝም ካላችሁ፣ ዕቃውን ከተቀበላችሁ፣ ከፊሉን ከከፈላችሁ፣ በአስረኛው ላይ "አልፈቀድንም" ማለት ይከብዳል።

ስለዚህ በተለያያችሁበት ቀን ይህን ጨርሱ፦ ቃለ ጉባኤ፣ የማህተምና የሰነድ ርክክብ በፊርማ፣ ውክልናው በተረጋገጠበት ቦታ መሻሩን ማስመዝገብ፣ በንግድ መዝገብ ላይ ስሙን ማስቀየር፣ ለባንክ ደብዳቤ፣ ለደንበኞች ማሳወቂያ። ማሳወቂያውን የተቀበለ ሰው ቅጂው ላይ ይፈርም።

8. ነገሩ አስቀድሞ ከተፈጠረ

ዕዳ ጠያቂ ከሆናችሁ መጀመሪያ ዕቃው የት እንደገባ ተከታተሉ። የመጋዘን መዝገብ፣ የጭነት ወረቀት፣ የሹፌሩ ቃል። ማህበሩ ዕቃውን ተቀብሎ ከተጠቀመበት፣ ፊርማው ጉድለት ቢኖረው እንኳ እጃችሁ ባዶ አይደለም። ከዚያ ለማህበሩም ለፈራሚውም በአንድ ቀን የጽሁፍ መጠየቂያ ላኩ። አንዱን ብቻ ከያዛችሁ ሌላው እስኪታወቅ ጊዜ ያልፋል።

ተጠያቂ የሆናችሁ ሸሪኮች ከሆናችሁ ደግሞ ያልፈቀዳችሁትን ውል ባወቃችሁበት ቀን በጽሁፍ ተቃወሙ። በዚያ ውል የመጣ ዕቃ ካለ አትንኩት፤ ለይታችሁ አስቀምጡና "መጥታችሁ ውሰዱ" በሉ። አንዲት ኬሻ ከተጠቀማችሁ ውሉን የተቀበላችሁ ትመስላላችሁ።

ሽማግሌ ከገባ፣ ሽማግሌውን አክብሩ፤ የጅማ ሽማግሌ ስንት ጠብ አብርዷል። ግን በማህበሩ ስም የሚታረቀው ሰው የመታረቅ ልዩ ሥልጣን እንዳለው አረጋግጡ። ሐጂ ያን ጊዜ የኔን ጉዳይ ሲጨርሱ ሁለቱን ሸሪኮቻቸውን አስቀርበው፣ ሦስቱም በተራ ፈርመው፣ የመፈልፈያውን ማህተም ራሳቸው መትተው ነበር ወረቀቱን የሰጡኝ። "አሁን አንብበው፤ ጨርሰህ ሳታነብ እንዳትነሳ" አሉኝ። እዚያው በርጩማው ላይ ተቀምጬ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት።